ነጩን ኪኒን ፍለጋ እስከ ግራና

ይህ ጉዞ በጠቅላላው ያስወጣኝ አሥራ ሁለት ጥንድ የፕላስቲክ ጫማ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንድ ፌስታል ጨውና የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ጥፍር ነው። ብር አላወጣሁም። ወልድያ በታጣቂዎች እጅ በነበረችበት በዚያ ጊዜ ባንኩ ተዘግቷል፣ ስልክ የለም፣ መብራት የለም፤ ብር ይዞ ገበያ የሚዞር ሰው ወረቀት ሊያሳይ የመጣ ይመስል ነበር። ጥፍሩ በኋላ በቅሏል፤ ትንሽ ጠመም ብሎ።

የምጽፈው አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶቼና እንደነሱ ላሉ ሰዎች ነው። ወልድያን የሚያውቋት ወደ መቀሌ ሲያልፉ ምሳ የበሉባት ከተማ አድርገው ነው። መርሳን በመኪና መስኮት ማንጎ የገዙባት። ግራናን ደግሞ ጭራሽ አያውቋትም፤ አስፋልቱ ላይ ስለሌለች ማንም በስህተት እንኳ አይደርስባትም። እኔም ብሆን ወልድያ አዳጎ ሠፈር ሱቅ ከፍቼ ስንት ዓመት ስሸቅጥ፣ የግራና ሰው ለገበያ ሲመጣ ጫማ እሸጥለታለሁ እንጂ አገሩ ሄጄ አላውቅም ነበር።

የሄድኩበት ጉዳይ ለወንድ አፍ አይመችም። ግን እሱን ካልተናገርኩ የቀረው ወሬ ትርጉም የለውም። ባለቤቴ የሺ ማህፀኗ ውስጥ እጢ ወጥቶባት ነበር። ጦርነቱ ወደኛ ከመድረሱ በፊት ደሴ ያያት ሐኪም፣ የቀዶ ጥገና ተራዋ እስኪደርስ የወር አበባዋ ጨርሶ እንዳይመጣ የወሊድ መከላከያ ኪኒን ሳታቋርጥ እንድትውጥ አዘዘላት። እኔ ስሰማ፣ አራት ልጅ ወልደን ከጨረስን በኋላ አሁን ምን ልንከላከል ነው ብዬ ነበር። ነገሩ ግን ለልጅ አይደለም፤ ለደሙ ነው። የሺ ደም ሲመጣባት እንደ ሌላ ሴት አይደለም፤ ከመጣ መቆሚያ የለውም። አንድ ጊዜ ሱቅ ውስጥ ለደንበኛ መልስ ልትሰጥ ከወንበር ስትነሣ እዚያው ወድቃብኛለች። ኪኒኑን ከጀመረች ወዲህ ግን ወር መጣ ወር ሄደ፣ ምንም። ፊቷ መለስ አለ፤ ከኔ ጋር መጨቃጨቅም ጀመረች። በዚያ ነው መዳኗን ያወቅሁት።

ከዚያ ከተማዋ ተያዘች። ደሴ ከጦር ግንባሩ ወዲያ ማዶ ቀረች። የወልድያ መድኃኒት ቤቶች በራቸው ተገንጥሎ መደርደሪያቸው ሳይቀር ወጣ። የሺ ያላት ኪኒን ሊያልቅ ሲል ለማብቃቃት ብላ አንድ ቀን እየዘለለች መዋጥ ጀመረች። ሰውነቷ ግን ነጋዴ አይደለም፤ ቅናሽ አያውቅም። ደሙ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። ጎረቤት ሁሉ ተጠየቀ፤ ያላትም ጨርሳለች፣ ያልጨረሰችም የላትም። መርሳ ገበያ ላይ ሁሉም ነገር ይገኛል የሚል ወሬ ነበርና ወደ መርሳ ለመሄድ ወሰንኩ።

የመጀመሪያው ቀን፤ ከወልድያ መርሳ

ልወጣ ስል የሺ አንድ ያለቀ የኪኒን እሽግ በሶፍት ጠቅልላ ሰጠችኝ። ስሙን መጥራት ካፈርክ ይሄን አሳያቸው አለችኝ። ቀጥላ ስለ ነጩና ስለ ቡኒው የሆነ ነገር ልታስረዳኝ ጀመረች። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ እኔ በሌለሁበት ሊያስታምሟት መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። በእሳቸው ፊት የዚህ ዓይነት ትምህርት መቀበል አልሆነልኝም። «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» ብዬ ኪሴ ከተትኩት። የማውቀው ነገር አልነበረም።

በደህናው ጊዜ ከወልድያ መርሳ ሚኒባስ ላይ ተቀምጦ ከረዳቱ ጋር በመልስ እስኪጨቃጨቁ የሚደርሱበት መንገድ ነው። በእግር ግን ጫማና ብርድ ልብስ ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ ይበላል። መኪና የሚባል የሚያልፈው የታጣቂዎቹ ብቻ ነው፤ እሱም ሲያልፍ ሰው ወደ ማሽላው ገባ ይላል። መውጫው ላይ ያሉት ፈታሾች ወዴት ነው አሉኝ። ጫማ ልሸጥ አልኩ። አንዱ ጫማዎቹን አየ፣ የራሱን እግር አየ፣ አንድ ጥንድ መረጠ። የመጀመሪያው ወጪ ይሄ ነው። በልኩ ስለሆነለት ተመሰጋገንን።

ወልድያ ተራራ ከቦ የያዛት ከተማ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ጋቢ ታስለብሳለች። ወደ ሲሪንቃ ሲወርዱ ግን አየሩ እጅ በእጅ ይሞቃል። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ማሽላው ራስ አውጥቶ ቆሟል፣ የሚያጭደው ሰው ግን ጥቂት ነው። ሲሪንቃ ጋ ስደርስ ላቤን እጠርጋለሁ ብዬ ቀና ስል ድንጋይ መትቶኝ ጥፍሬ ተነሣ። መንገድ ዳር ተቀምጬ እግሬን ይዤ ስወዛወዝ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከማሳቸው ወጡ። ማን እንደሆንኩ፣ ከየት እንደመጣሁ አልጠየቁም። ከነጠላቸው ጫፍ ቀደው ጣቴን ጠቀለሉልኝ፤ ከዚያ ጥንቅሽ ቆርጠው እያኘክህ ሂድ አሉኝ። ወልድያ ገበያ ላይ ጥንቅሽ ገዝቶ የሚያኝክ ሰው አይቼ ስቄ አውቃለሁ። ያን ቀን እስከ መርሳ ያደረሰኝ እሱ ነው። ጫማ ልስጥዎት ብላቸው፣ እኔማ እግሬ ስር ያለው መሬት የራሴ ነው፣ ለምን እሸፍነዋለሁ ብለው ተመለሱ።

መርሳ ያደርኩት ሰይድ ቤት ነው። ሰይድ የማንጎ ነጋዴ ነው፤ በደህናው ጊዜ ማንጎውን ወልድያ ሲያወርድ ሸራ የሚገዛው ከኔ ነው፤ ሁለታችንም አንዳችን ሌላውን እንደሚጎዳው አምነን በሰላም ኖረናል። ቤቱ ተፈትሾ ነበር። የሰው ቤት ሲፈተሽ ምን እንደሚመስል ወልድያም አይቻለሁ፤ የሰይድ ቤት የሚለየው የቁም ሳጥኑ በር ለምድጃ መሄዱ ነው። ሚስቱ ዘይነባ የማሽላ እንጀራ በዘይት አልባ ሽሮ አቀረበችልን። ወልድያም የምንበላው እሱኑ ነበር፤ እዚህ ግን ላዩ ላይ ቃሪያ ነበረበት፤ ስለዚህ ግብዣ ነው።

ለሰይድ የነገርኩት የሺ መድኃኒት እንደጠፋባት ብቻ ነው። የምን መድኃኒት ሲለኝ የደም አልኩት። ውሸት አይደለም።

ሁለተኛው ቀን፤ መርሳ ገበያ

የመርሳ ገበያ በደህናው ጊዜ ማንጎና ብርቱካን፣ ፓፓያና ሎሚ ተራራ የሚሆንበት ነው። ከወልድያ ገበያ የሚለየው ሽታው ነው፤ የኛ በርበሬ በርበሬ ይላል፣ የመርሳው ፍሬ ፍሬ። ያን ቀን ግን ሰዉ ሁሉ የቤቱን ዕቃ ይዞ የወጣ ነበር። አንዱ ማሽላ ይዞ ጨው ይፈልጋል፣ ሌላዋ ሻሽ ይዛ ሳሙና። ጫማ ይዤ መግባቴ ንጉሥ አደረገኝ። ችግሩ የምፈልገውን ጮክ ብዬ መጥራት አለመቻሌ ነው። ገበያውን ሁለቴ ዞርኩ። በሦስተኛው አንዲት ቅመም የምትሸጥ ሴትዮ፣ ከኮረሪማው አጠገብ የመድኃኒት ቁራጭ ዘርግታ አየሁ። ቀረብ አልኩና የሺ የሰጠችኝን እሽግ ከሶፍቱ አውጥቼ አሳየኋት።

እሽጉ አብዛኛው ተቀድዶ ባዶ ነው። የቀሩት አንድ መስመር ቡኒ ፍሬዎች ብቻ ነበሩ። ሴትዮዋ ቡኒዎቹን በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻቸው።

«ይሄ ነው የምትፈልግ? ይሄማ ሞልቶኝ።»

ከቅመሙ ጀርባ በጨርቅ የተቋጠረ ጥቅል አወጣች። ውስጡ በመቀስ የተቆረጠ የእሽግ ቁራጭ ብቻ ነው፤ ሁሉም ቡኒ፣ ሁሉም ያልተነካ። እኔ ዕቃ ገዝቼ ነው ያደግሁት፤ ከናሙና ጋር አስተያየሁ፤ ቀለሙ አንድ፣ መጠኑ አንድ፣ ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ። ለደም ጥሩ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ለደም ከዚህ የተሻለ የለም፣ የወለደች ሴት በዚህ ነው የምትነሣው አለችኝ። ስምንት ጥንድ ጫማ ጠየቀች። ጫማው አየር የሚያስገባ ቀዳዳ እንዳለው እየነገርኩ፣ ለዚህ ሙቀት እንደሚሆን እየነገርኩ፣ ሁለቴ ሄጄ ሁለቴ ተመልሼ በአራት ጥንድና በአንድ ብርድ ልብስ ጨረስን። ብርድ ልብሱን የሰጠሁት ለመርሳ ሙቀት እንደማይሆን እያወቅሁ ነው። በራሴ በጣም ተደስቼ ወደ ሰይድ ቤት ተመለስኩ።

ዘይነባ ማሽላ ትለቅም ነበር። ደስታዬ አላስችል ብሎኝ ጥቅሉን ፈትቼ ፊቷ ዘረገፍኩት። አንዱን አነሣች፣ ሌላውን አነሣች፣ ከዚያ ሰፌዱን አስቀምጣ አየችኝ።

«አራጋው፣ የሺ ምን አምጣልኝ ነው ያለችህ?»

ያን ጊዜ መናገር ግድ ሆነ። ሰይድ ነገሩ ወደየት እንደሚሄድ ሲያውቅ በሬውን ልይ ብሎ ወጣ። በሬ የለውም። ለዘይነባ እጢውንም፣ ደሙንም፣ ሐኪሙንም ነገርኳት፤ ናሙናውንም አሳየኋት። አፏን በሻርፗ ሸፍና ሳቀች። ዓይኗ እስኪያለቅስ ሳቀች፤ በዚያ ቤት ከተፈተሸ ወዲህ እንደዚያ የሳቀ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሽጉ ውስጥ ደሙን የሚይዘው ነጩ ነው። ቡኒው ብረት ነው፤ ሴትየዋ ዕለታዊ ልማዷን እንዳትረሳ የሚዋጥ፣ ነጩ ተቋርጦ ደም የሚመጣበትን ሳምንት የሚሞላ። የወር አበባዋ እንዲመጣ የማትፈልግ ሴት ነጩን ስትጨርስ ቡኒውን ትታ ሌላ እሽግ ነጭ ትጀምራለች። የሺም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ባዶ ብላ የሰጠችኝ እሽግ ላይ የቀረው እሷ የማትፈልገው ብቻ ነበር።

«እሷ የተወችውን ይዘህ መጥተህ፣» አለች ዘይነባ፣ «ሌላ ሰው የተወውን ገዛህ።»

ቡኒው ከየት እንደመጣም ነገረችኝ። ይህን እኔ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ኖሬ አላውቀውም ነበር። መርሳ ባለችበት በሀብሩ ወረዳ ብዙ ሴት ረመዳን ሲቀርብ ኪኒን ትይዛለች። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት አትጾምም፤ የጎደለባትን ቀን በኋላ ለብቻዋ ቀዷ ማውጣት አለባት፤ ቤተሰቡ ሁሉ እየበላ አንዷ ብቻዋን መጾም ደግሞ ይከብዳል። ስለዚህ ወሩን ሙሉ ነጩን ሳያቋርጡ ይውጡና ከሰው እኩል ይጾማሉ። ይህን የሚወድም የማይወድም ሼህ አለ። ቡኒው ግን ከየቤቱ ይተርፋል። ቅመም ሻጯ እሱን ትሰበስባለች፤ ለወለደች ሴት ደም ይተካል ብላ ትሸጣለች። አልዋሸችኝም። ያሳየኋትን ሸጠችልኝ፤ የጠየቅኋትን መለሰችልኝ። ሄጄ ዕቃዬን መልሺ የምልበት አፍ አልነበረኝም፤ እኔም ብሆን አልመልስም።

የዘይነባ የራሷ ነጭ ቤቱ ሲፈተሽ ከሌላው ዕቃ ጋር ሄዷል። ወስደው ምን እንዳደረጉት አላህ ይወቅ አለች። ግራና ያሉ እናቷ ዘንድ ግን ይኖራል። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ታጣቂዎች ከመድረሳቸው በፊት ያላትን ሁሉ ለቀበሌው ሴቶች አድላ ነበር፤ ኬላው ውስጥ ተገኝቶ ከሚሰበር በየቤቱ ይቀመጥ ብላ። ሴቶቹም ለረመዳን ብለው አስቀምጠውታል።

«ይሰጡኛል?» አልኳት።

«እኔ እንጃ» አለች ዘይነባ። «ነጋዴ መሆንህን ያውቃሉ።»

ሦስተኛው ቀን፤ ግራና

ከሰይድ ጋር በጠዋት ተነሣን። አስፋልቱን ስንለቅ ልቤ ቀለል አለኝ፤ አስፋልት በዚያ ጊዜ ለጦርነት የተሠራ ይመስል ነበር። የግራና መንገድ አቧራ ነው፤ ግራና ቀኙ በመስኖ የሚጠጣ ማሳ፣ ሽንኩርት፣ ማሽላ። እኛ ወልድያ ውሃ በጀሪካን ተራ ይዘን ስንጣላ እዚህ ውሃው በቦይ እየሮጠ ይሄዳል፤ የሚጣላው ገበሬ ከቦዩ ጋር ነው። ሙቀቱ ግን አይጣል ነው። የሰይድ እግር እንደ በቅሎ ይሄዳል፣ የኔ ጣት በሽማግሌው ነጠላ እንደተጠቀለለ ይከተላል።

የዘይነባ እናት እማ ፋጡማ ይባላሉ። አጭር፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲያዩህ ኪስህ ውስጥ ያለውን የሚቆጥሩ ሴት ናቸው። ባላቸው አባ ይማም መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰላምታው ረዘመ፤ ልጅ፣ ከብት፣ አዝመራ፣ የወልድያ ሰው፣ አልሃምዱሊላህ። ከዚያ አባ ይማም አማቻቸውን ዞረው እንግዳው ምን ፈልጎ መጣ አሉት። ሰይድ መድኃኒት አለ። የምን መድኃኒት? የሴት። አባ ይማም ዘንጋቸውን አነሱ።

«በል ሰይድ፣ ቦዩን እንይ፤ ውሃ ሳይሰርቁን።»

ሰይድም እንደ ዳነ ሰው ተከተላቸው። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። እማ ፋጡማ አንዷን ልጅ ላኩና ጎረቤት ሴቶች አንድ በአንድ መጡ። በመጨረሻ ከድጃ የምትባል በቅርቡ ያገባች ልጅ መጥታ በሩ አጠገብ ቆመች። እኔ መሐል ተቀምጬ ስለ ሚስቴ ማህፀን አወራሁ። ሱቅ ውስጥ ሃያ ዓመት ሴት ደንበኛ አስተናግጃለሁ፤ እንዲህ አፍ የጠፋኝ ቀን የለም። ሲያልቅብኝ የሺ ሱቅ ውስጥ የወደቀች ቀን የነበረውን ተናገርኩ፤ ወለሉን ራሴ እንዳጠብኩት።

መጀመሪያ የተናገረችው ከድጃ ናት። ለእማ ፋጡማ እንጂ ለኔ አልተናገረችም።

«ነጋዴ ነው እኮ። ይሄን ወስዶ ወልድያ ላይ በእጥፍ ቢሸጠውስ? ሚስት ያለው ሁሉ ሚስቴ ታማለች ማለት አያቅተውም።»

ጥያቄው ትክክል ነው። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው። ሐኪሙ የጻፈላት ወረቀት የለኝም፣ የሚመሰክርልኝ ሰይድ ውሃ ሊጠብቅ ሄዷል። አንዲቷ «ልጄ» ብላኝ እንደሌላት፣ ያላትም ለረመዳን እንደሆነ ተናገረች። ሌላዋ ባሌ ከተደበቀበት ቢመጣ በምን ልከላከል ነው አለች፤ ሳቁባት። ሳቁ እኔን አላካተተም። እንዳልሆነልኝ ገባኝ።

እማ ፋጡማ ከረጢቴን እንድፈታው በዓይናቸው ጠየቁኝ። ጫማው ወጣ፣ አንድ የቀረው ብርድ ልብስ ወጣ፣ ጨው ወጣ፣ ከዚያ ያ የጨርቅ ጥቅል ወጣ። ፈቱት። ቡኒው ሁሉ መደቡ ላይ ፈሰሰ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከመርሳ የገዛሁት ነው።»

«በስንት?»

ነገርኳቸው። ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ አንዷ ሳቋን አፈነች፣ ከዚያ ሁሉም ተያያዙ። አንዷ ከመደቡ ተንሸራታ መሬት ተቀመጠች። ከእነዚያ ቁራጮች ውስጥ የራሷ የመቀስ አቆራረጥ ያለበትን ለይታ ያወጣች አለች፤ ባለፈው ረመዳን የጣለችው ነው።

እማ ፋጡማ ሳቃቸውን ጨርሰው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ከድጃ፣ አብሽሪ» አሉ። «በአራት ጫማና በብርድ ልብስ ይሄን የገዛ ሰው በኪኒን ሊነግድ አይችልም። ቢነግድም ይክሰር ተዪው።»

በሕይወቴ እንደ ነጋዴ ከተነገሩኝ ቃሎች ይህን ያህል ያዋረደኝም፣ ይህን ያህል የጠቀመኝም የለም።

እማ ፋጡማ ተነሥተው ከጓዳ የራሳቸውን አመጡ። በእድሜያቸው ኪኒን አያስፈልጋቸውም፤ ለልጆቻቸው ያኖሩት ነው። እሳቸው ሲጀምሩ ሌሎቹም ወጡ፣ ገቡ። አንዷ ከቅል ውስጥ፣ አንዷ ከማሽላ ጎተራ ስር፣ አንዷ ከሕፃን ልጇ ማዘያ ስፌት ውስጥ አወጣች። ለረመዳን ነው ያለችው ሴት ሁለት አመጣችና፣ ቀዷ ማውጣትም እኮ አለ፣ የሞተች ሴት ግን ቀዷ የላትም አለች። ከድጃ ዘግይታ አንድ አመጣች። አንድ ብቻ ነው ያለኝ፣ ሌላውን አልሰጥም አለች። የሰጠችኝ አንዱን፣ የደበቀችው አንዱን እንደሆነ ስለገባኝ አመሰገንኳት።

ዋጋ ብዬ ጫማዎቹን ወደ እማ ፋጡማ ስገፋ ፊታቸው ተለወጠ። ይሄ አይሸጥም አሉ። ጫማ ግን ይዘህ ከመጣህ እግር አለን አሉ። ሰባቱንም ጥንድ ለየእግሩ ልክ ፈልገው ወሰዱ፤ ጨውና ብርድ ልብሱን እኔ ጥዬ መጣሁ። በነፃ ሰጥቼ በዚህ ደረጃ የተደሰትኩበት ዕለት የለም። ወልድያ ስመለስ እንዳይለምድብኝ ፈርቼ ነበር፤ አልለመደብኝም።

ማታ ለኔ የክርስቲያን ሥጋ እንደማይኖር ስለሚያውቁ ደብቀው ካቆዩአቸው ዶሮዎች እንቁላል ጠብሰው፣ ወተት ጨምረው አቀረቡልኝ። ረቡዕ ነበር። የነፍስ አባቴ ይህን ካነበቡ፣ እማ ፋጡማ ፊት ተቀምጠው አልበላም ማለት ይችሉ እንደሆነ ራሳቸው ሄደው ይሞክሩ። አባ ይማም ውሃቸው አለመሰረቁን ነግረውን፣ ስለ መድኃኒቱ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ፣ ላገኘውም ላላገኘውም ዱዓ አድርገው ተኙ።

አራተኛው ቀን፤ መርሳ

ስለዚህ ቀን ብዙ የምለው የለኝም። ተመለስን፤ ጣቴ አበጠ፤ ዘይነባ በጨው ውሃ አጠበችልኝ። የኮቴን ገበር ፈትታ ነጩን በሙሉ፣ እሽግ በእሽግ ጠፍጥፋ ሰፋችበት። ቡኒውን ጣል አለችኝ። የገዛሁትን ዕቃ መጣል አልቻልኩም። ይህ ልማድ ነው፤ ሊያስከፍለኝ ነበር።

አምስተኛው ቀን፤ ወደ ወልድያ

ከሲሪንቃ ወዲያ፣ የወልድያ ተራሮች ብቅ ማለት ሲጀምሩ፣ ስሄድ ያልነበረ አዲስ ኬላ ተተክሏል። ገመድ ተወጥሯል። አንድ ወጣት ታጣቂ ከረጢቴን ፈተሸ። ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ዘይነባ የሰጠችኝ ማንጎና ያ የጨርቅ ጥቅል። ጥቅሉን ፈታው። ምንድን ነው አለኝ። የደም መድኃኒት ነው አልኩት። አላመነኝም። ዞሮ ከዛፉ ስር የተቀመጠች ሴት ታጣቂ ጠራ። ፀጉሯን ሹሩባ የተሠራች፣ ትከሻዋ ላይ የመድኃኒት ቦርሳ ያንጠለጠለች ናት። አንዱን ቁራጭ አነሣችና አገላበጠችው። ልጁን በቋንቋቸው የሆነ ነገር ብላ ወደ ገመዱ ሸኘችው። ከዚያ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣

«አባት፣ ነጩስ?» አለችኝ።

«የቱ ነጭ?»

«ቡኒ ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው የለም። ነጩን የሆነ ቦታ አስቀምጠሃል።»

ለሴት እንዲህ ያለ ዕቃ መደበቅ እንደማይቻል ያን ቀን ተማርኩ። እውነቱን ነገርኳት፤ ከግራና በኋላ አፌ ተፈቷል። እጢ አልኩ፣ ደሴ አልኩ፣ ወደቀች አልኩ። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ እጇን ኮቴ ላይ አድርጋ ገበሩን ዳሰሰችው፤ የዘይነባን ስፌት አንድ ጥግ በጥርሷ በጠሰችና አንድ እሽግ ስባ አወጣች። ሌላውን ጠብቄ ቆምኩ። ሌላ አላወጣችም።

«እኛም እንወስደዋለን» አለች ወደ ተራራው እያየች። «ሜዳ ላይ ውሃ የለም፣ ጨርቅ የለም፣ ከወንድ ጋር ነው የምንውለው። ያለኝ አልቋል።»

የልጄ እድሜ ናት። የጥቅሉን ቡኒ ደግሞ ለቁስለኞች ይሆናል ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረችው፤ ብረት ስለሆነ አልተሳሳተችም። ልጁን የደም ማነስ መድኃኒት ነው ይለፍ አለችው። ልሄድ ስል ጠራችኝና፣ ቡኒውን ትታ ሳታቋርጥ ትዋጥ በላት አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። አሁን አውቃለሁ።

ወልድያ የገባሁት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ሮጥኩ። የሺ ተኝታለች። ደሙ እኔ ግራና በነበርኩበት ቀን ጀምሮባት አልቆመም። ከንፈሯ ነጭ ነበር። ኮቴን ቀድጄ እሽጎቹን አልጋው ላይ ዘረገፍኳቸው። ሰላም ሳትለኝ አንዱን አነሣች፤ ነጭ መሆኑን ወደ መስኮቱ ይዛ አየች። ሐኪሙ ደም ከጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዴት አድርጋ እንደምትጨምር ነግሯት ነበር፤ እንዳላት ዋጠች። እትዬ አስካለ ውሃውን ያዙላት።

«ትክክለኛው ነው?» አልኳት።

«ነው» አለች። «ማን አስተማረህ?»

መናገር ረጅም ስለሆነ መርሳ ሞቃት ነው አልኳት። ማንጎ ላጥኩላት።

ደሙ በማግስቱ አልቆመም፤ በሦስተኛው ቀን ቀነሰ፤ ከዚያ አንድ ጠዋት ስነቃ ሱቁ ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ከአንዲት ሴት ጋር በማሽላ ዋጋ ስትከራከር አገኘኋት። መከራከሩን ሰምቼ ተመልሼ ተኛሁ። ነጩ ኪኒን መንገድ እስኪከፈት አደረሳት። መንገድ ሲከፈት ደሴ ወሰድኳት፤ እጢው ወጣ።

የመጨረሻው ሒሳብ፦ ሱቅ ውስጥ ሦስት ጥንድ ጫማ ቀርቷል። የሺ ደህና ናት።